የቃሉ ቲማቲም

ጦይብ ከጋላፊ ትናንት ማታ ገባ፣
የአፋርን አቧራ ለብሶ እንደ ካባ።
አራት ቀን ኬላ ሥር ሞተሩን አጥፍቶ፣
የእነሱ ማኅተም ከእኛው ተጣልቶ።

ታሪፉ አንድ ሆኗል፣ ሬዲዮው አውርቷል፣
በየቋንቋው ታትሞ ቃሉ ተፈርሟል፤
የቃሉ ቲማቲም ግን ሬዲዮ አይሰማም፣
ሳጥን ውስጥ ሲበሰብስ ማንንም አያማም።

ደረቁ ወደብ በር ኪሱን አራገፈ፤
ፍራንክ ከብር ጋራ በላብ ተቃቀፈ።
«ይኸው» አለኝ ስቆ፣ «ተስማምተው የዋሉ
እኔ ኪስ ውስጥ ናቸው፤ ሌሎቹ ይማሉ።»

ከበሩ ማዶ ቦርከና ያለ ፈቃድ ያልፋል፣
አዋሽን አምኖ ሄዶ፣ ባሕር ሳያይ ይጠፋል።

እኔም ማኅተሜን እፍ አልኩበትና
መታሁለት፤
ሌላ ምን አውቅና።