ቀይ ሲበራ ምታ

አፉላ፣ ምድር ቤት፣ ከጥርስ ሐኪም ጎን፣
ግድግዳው ላይ ቆሟል ሰሌዳው፣ ስድሳ ዓይን።
አንዱ ይበራና ሌላው ይጨልማል፣
የበራውን ሳልነካ ቆጣሪው ይሮጣል።
«ቀይ ሲበራ ምታ» ትለኛለች ኒስሪን፣
በናዝሬት ለዛዋ አለስልሳ ዕብራይስጡን።

እኔ ደግሞ ሾፌር።
ሠላሳ አንድ ዓመት ቀይ ሲበራ የቆምኩ፣
ከኋላ ጥሩምባ ቢነፉም ያልቸኮልኩ፣
ከአፉላ ቤት ሸአን ሰው ጭኜ ስመላለስ
አንድ መብራት ያልጣስኩ።
እንዴት ብዬ ልምታው? እጄ ሕግ ያውቃል።
ሰሌዳው ሲቀላ እግሬ ፍሬን ይፈልጋል።

ነገሩ የጀመረው በሱፍ አበባ ፍሬ ነበር።
በእረፍት ሰዓቴ፣ መናኸሪያው ጥግ፣ ከአውቶቡሱ በር
ተቀምጬ ስፈለፍል፣ አንዷን ወደ አፌ ስወረውር
ጉንጬን መታችው።
ሳቅሁ።
ሁለተኛዋ ጆሮዬ ሥር ወደቀች።
ሦስተኛዋን አላስታውስም።
ያዩኝ ሲነግሩኝ ግን፣ ቀኝ እጄ ባዶውን ተሰቅሎ
አየር ይመግብ ነበር፣ ዝም ብሎ።

ሐኪሙ ፎቶ አሳየኝ፤ «ይቺ ናት» አለኝ፣ አንዲት ነጥብ፣
ከምስር የማትበልጥ።
አርባ ዘጠኝ ወንበር ያለው አውቶቡስ
በምስር ይቁም?

ከጎኔ አርካዲ አለ፣ የድሮ በያጅ።
ከሥሩ ግማሽ ኳስ የተለጠፈ ጣውላ ላይ
እንደ ሰከረ ሰው እየዋለለ
በሩሲያኛ የጣውላውን እናት ይሰድባል።
ተራዬ ሲደርስ በአማርኛ እቀጥላለሁ።
ጣውላው ሁለታችንንም ይሰማል፤
ለሁለታችንም ያዘነብላል።

«ታች አትይ! እግርህ የት ይሄድብኛል ብለህ ነው?
ሩቁን እይ፣ በመስኮት፣ አንድ የቆመ ነገር።»
በመስኮቱ ውጭ የቆመ ነገር
የቆሻሻ መኪናው ብቻ ነበር።
እሱን አየሁ።
እሱም ሄደ።
ወደቅሁ።

ደግሞ ከጣሪያው በሲባጎ የተንጠለጠለ ኳስ፣
ፊደል የተጻፈበት።
ሲወዛወዝ በዓይንህ ተከተል፣ የደረሰህን ጥራ፣ በጣትህ ንካ።
አሌፍ። ላሜድ። ሺን።
በሃያ ስድስት ዓመቴ ኡልፓን የለቀምኳቸው ናቸው፤
ያኔም እንዲሁ ይወዛወዙብኝ ነበር።

ማታ ማታ እንጉዳይ፣ ባለቤቴ፣
ሁለት መቶ ፍሬ ቆጥራ ጠረጴዛው ላይ ትበትናለች፤
«ያጣላህ ከሱ ጋር ነው፣ ከሱ ጋር ታረቅ» ትላለች።
አንድ በአንድ አንስቼ በጠርሙስ አንገት አስገባለሁ።
የወደቀውን አንቆጥርም፤
ለሰገነቱ ርግቦች ነው፤
ርግቦቹ ወፈሩ።

በስድስተኛው ወር ፈተና ሆነ። አንድ ደቂቃ።
ሰባ ስምንት ይፈለጋል፤ ሃምሳ ሁለት መታሁ።
ኒስሪን ቁጥሩን ሁለቴ አነበበችው፣
ለእኔ ሳይሆን ለወረቀቱ ያዘነች ይመስል።
መንጃ ፈቃዴን ፖስታ ውስጥ ከተትኩት።
ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ ጠጉር ነበረው።

ትናንት በራሴ መስመር ተሳፈርኩ፣ ትኬት ቆርጬ።
ሾፌሩ ልጅ ነው፣ አያውቀኝም።
«ቦታ አለ፣ አባቴ፣ ቁጭ በል» አለኝ።
አልተቀመጥኩም።
መተላለፊያው መሐል፣ ብረቱን ሳልይዝ፣
ጉልበቴን ሰበር አድርጌ ቆምኩ።
ልጁ ፍሬን ሲረግጥ ጣውላው መጣ፤
ሲታጠፍ ጣውላው ሄደ፤
(ፍሬኑን ቀስ ብሎ ቢረግጥ ምን ነበረበት! ግን አልተናገርኩም።)
ዓይኔ በመስኮቱ የቆመ ነገር ፈለገ፤
ጊቫት ሃሞሬ።
ተራራው እንደ ቆሻሻ መኪናው አልሄደም።

ሠፈሬ ሲደርስ፣ ብረቱ ላይ ያለችውን ቀይ ቁልፍ
በቀኝ እጄ፣ በዚያ አየር በሚመግበው፣
አንድ ጊዜ፣ መሐሏን፣
መታኋት።

በራች።
አውቶቡሱ ቆመ።