ጥዝጣዜ

የምስክር ወረቀቷ ግድግዳው ላይ ጠሟል፣
መስታወቱ ጥጉ ተሰንጥቆ ከርሟል።
ኔቪያ ግድ የላት።
ትሪየስቴ፣ ወደቡ ዳር፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
ጠባብ አልጋ፣ የጎማ ኳስ፣ በመስኮቱ ግራጫ ሰማይ።

መርከብ ቀቢ ነበርኩ።
ነፋስ ገፍትሮኝ ከመወጣጫው ወደቅሁ፤
ዳሌዬ ውስጥ ብረት ይዤ ነው የነቃሁ።

በመጀመሪያው ቀን እጇን አላሳረፈችም፤
«ልብስህን አውልቅ፣ እግርህን ዘርጋ» አላለችም።
«ቤትህ ስንት ደረጃ አለው?» ብላ ጠየቀች።
«ሰባ ሁለት» ብላት፣
«ስንተኛው ላይ ታርፋለህ?» አለች።
ቆጥሬው አላውቅም።
የጠየቀኝም የለም።

ቀጥላ፦ «ሕመሙስ ከአንድ እስከ አስር ስንት ነው?»
ሳቅሁ። እኛ ዘንድ ሕመም ስም እንጂ ቁጥር የለው።
ነገርኳት፦
ውጋት አለ፣ እንደ ወስፌ ሰርስሮ የሚገባ፤
ቁርጥማት አለ፣ ደመና ሲያይ ሆዱ የሚባባ፤
ልብለባም አለ፣ ያለ ጢስ የሚነድ፤
መደንዘዝም አለ፣ የገዛ እግርን የሚያስክድ፤
ጥዝጣዜ ደግሞ አለ፣ ሌሊት የማይተኛ፣
ያጥንት ደጅ ሲጠና የሚያድር መንገደኛ።

ደብተሯን አውጥታ በላቲን ፊደል ጻፈች፤
«ጠ» ላይ ምላሷ ሲሰናከል ደጋግማ ሳቀች።
ከዚያ ወዲያ ቁጥር ቀረ።
በየማክሰኞው፣ ገና በሩን ስገፋ፣
«ዛሬስ ማን መጣ? ውጋት ነው ጥዝጣዜ?» ትላለች፣
የሩቅ ዘመዶቼን ስም እንደምትጠራ።

አንድ ቀን ስለ ወረቀቱ አነሳሁባት፦
የት ተማርሽ? ስንት ዓመት ሠራሽ?
ጉልበቴን ማጠፍ መዘርጋቷን ሳትተው፦
«ጎሪዚያ ነበርኩ። ልጅ ነኝ፣ እጄ ፈጣን።
አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ሰዓት ጠጋኝ።
ትንሽ ልረፍ፣ አሉኝ።
አንድ ዙር ብቻ፣ አልኳቸው።
ወለሉ ላይ ተዘረጉ፤ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ።
ከዚያ በኋላ ሰዓት አልከፈቱም።
ዩኒቨርሲቲው በሦስት ዓመት ያላስጨረሰኝን
እሳቸው በሁለት ቃል አስጨረሱኝ።»
ወረቀቱን ቀና ብላ አየችው።
አላቃናችውም።

የካቲት ላይ ቦራ መጣ፣ ከተማ የሚቦጭቀው ነፋስ፣
ያ እኔን የጣለኝ።
ልቀር ስል ደወለች፦ «በርህ ላይ ነኝ፣ ካፖርትህን ልበስ።»
ሰባ ሁለቱን ወረድን፤ እሷ ከፊቴ፣
አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ፣ መዳፏ ከደረቴ
ስንዝር ርቆ። አልነካችኝም።
ያቺ ስንዝር ምን እንደምትችል
የወደቀ ያውቃታል።

ውጭ፣ ማቋረጫው ላይ ገመድ ተወጥሯል፤
የቆሻሻ ገንዳ በጎማው ይጋልባል፤
የአንዲት አሮጊት ኮፍያ ወደ ባሕሩ ነጎደ።
ግማሽ መንገድ ላይ «ትንሽ ልረፍ» አልኩ።
ቆመች።
ነፋሱ ካፖርቷን እንደ ሸራ ነፋው፣ ጸጉሯን አፏ ውስጥ ከተተው።
ሰዓቷን አላየችም።
እኔ «እንሂድ» እስክል ቆመች።

ሰኔ ላይ ጨረስን።
በሩን ስትዘጋ ቁልፉን በግራ እጇ አዞረች፤
የቀኝ አውራ ጣቷ ሥሩ አብጧል፣
ሃያ ዓመት የሰው ጡንቻ ሲገፋ ኖሮ።
«ከአንድ እስከ አስር?» አልኳት፣ ለቀልድ።
ጣቷን በሌላው መዳፏ ሸፈነች፤
ምላሷን ሰብስባ፣ «ጠ»ን አጥብቃ፣
ሳትሰናከል፦
«ጥዝጣዜ» አለችኝ።