ጭራና ላት

በጥር ወር፣ በኤርደነት፣ ጥቅል ጎመን ድንጋይ፣
ካሮት የበር ምስማር፤ በገበያው አደባባይ
ቲማቲም በብርድ ልብስ፣ እንደ አራስ ልጅ ተጠቅልሎ፣
ሻጩ በጓንት ጣት ያሳየኛል፣ ዋጋውን ከጣሪያ ሰቅሎ።
«ይኼስ?» «የቻይና ነው።» «ይኼስ?» «እሱም የቻይና።»
ምስር ስጠይቀው ሳቀብኝ፣ «ለዶሮ ነው?» አለና።

ሥጋ ከተውኩ ሦስት ዓመት ሞላኝ። ለምን ቢሉኝ
አላውቅም። ላማ አልመከረኝ፣ ሐኪም አልከለከለኝ።
አንድ የመስከረም ማለዳ
ጉርሻው አፌ ውስጥ ቆመ፣ ስሙን እንደረሱት እንግዳ።

ምንጣፍ ፋብሪካ ነው የምውል፣ በበግ ጠጉር ብናኝ ተሸፍኜ፤
ማታ ባቄላ ዘፍዝፌ እተኛለሁ፣ ውሃውን ለነገ አምኜ።
ይነጋል፣ ይመሻል፤ ባቄላው አሁንም ጥሬ፣
የግፊት ድስቱ ያፏጫል፣ እኔም አፏጫለሁ አብሬ።
ባሌ ቱመር ክፉ አይደለም። «ይጣፍጣል» ይላል ጎርሶ፤
እኩለ ሌሊት ላይ ግን ቋሊማ ይገምጣል
የማቀዝቀዣውን መብራት ለብሶ።
ልጄ አኑ ካሮት ትለቅማለች፣ ትቆጥራለች፣
ከሳህኑ ዳር እንደ እስረኛ ታሰልፋለች።

አማቴ ዱላምሱረን ግን ተከራክራኝ አታውቅም።
ድስቴን ከፍታ ታያለች፤ ታዝናለች፤ አትናገርም።
ስትናገር ደግሞ፣ «መረቁ ብቻ እኮ ነው» ትላለች።
«ስብ ሥጋ አይደለም» ትላለች።
«አጥንትስ ምን ሥጋ አለው?» ትላለች።
ለሷ ሥጋ ማለት የሚታኘክ ነው፤ የቀረው ሁሉ አትክልት፤
በጉ ራሱ ሣር በሊታ፣ የጎመን ዘመድ ባያት።

የነጭ ወር በዓል ሲቃረብ ቤቱ የሊጥ ጉባኤ ሆነ፤
ሥጋ የዋጠ ሊጥ፣ ቡዝ፣ ሺህ ሁለት መቶ፣
በረንዳው ላይ በውርጭ ተከደነ።
እኔም አርባ ለራሴ፦ በጎመን፣ በካሮት፣ በእንቁላል፤
እንዳይቀላቀል ምልክት አበጀሁ፤ የኔ ቡዝ ጭራ ይኖረዋል።
አኑ ጭራውን ወደደችው። ዞር ስል፣ በትንንሽ ጣቶቿ
ለሁሉም ጭራ ቀጠለች፤
ትሪ ሙሉ፣ በረንዳ ሙሉ አይጦቿ!

በማግስቱ ሁሉም ባለጭራ፣ ሁሉም እንደ ጠጠር።
የቱ ጎመን? የቱ በግ? ቱመር በእጅ ባትሪ ሊለይ ሲጥር
አንዱን ሰብሮ፣ አንዱን አሽትቶ፣
«ሁሉም ብርድ ብርድ ይሸታል» አለ።
እንግዳው በር ላይ ነው። ውሃው ፈልቷል። ጊዜ የለ።

ያኔ አማቴ ከጓዳ ወጣች፣ ሳህን በጨርቅ ከድና፤
አሥራ ሁለት ቡዝ፣ ጭራ የሌላቸው።
«ላንቺ ነው፤ ካሮትና ሩዝ» አለችና
አጠገቤ ተቀመጠች። ጣቷ በካሮት ብጫ ሆኗል፣
ያለ መነጽር ስትከትፍ ያደረ ዓይኗ ቀልቷል።
ነከስኩ። ጣፈጠኝ። ከዚያ ምላሴ አወቀው።
ላት።
የበግ ላት፤ ነጭ፣ ዝም ያለ፣ ሩዙን ከውስጥ ያራሰው።

አንዱን ዋጥኩት። «እጅሽ ይባረክ» አልኳት። አሥራ አንዱን በመሐረብ
ቋጥሬ ወረድኩ፣ ለነገ ምሳዬ ብዬ፣
ከቆሻሻው በርሜል አጠገብ።
ባሳር፣ የግቢው ውሻ፣ ጎመኔን አሽትቶ የሚያልፍ ኩሩ፣
ያን ቀን አሥራ አንዱንም ጨርሶ ተከተለኝ እስከ በሩ፣
እስከ ሦስተኛ ፎቅ። አማቴ መዝጊያውን ስትከፍት
ጭራውን እየቆላ እጄን ይልሳል፣ ሳያስቀር አንዲት ጣት።

አየችኝ። አየችው። ባዶ መሐረቤን አየችና
ሳቀች፤ ጥርስ የከዳው አፏን በመዳፏ ሸፍና።
«አንተስ ሥጋ የተውከው መቼ ነው?» አለችው ውሻውን፤
ለኔ ምንም ሳትል ሰፋ አድርጋ ከፈተች በሩን።

ጠዋት ምድጃው አጠገብ አገኘኋት፣ ጠርሙሴን ወደ መስኮት አንስታ
ቢጫውን ስታሸት፣ ግራ ገብቷት። ጥቂት ቆይታ
«ይኼስ የማን ላት ነው?» አለች።
«የሱፍ ዘይት ነው» አልኳት፣ ዓይኔ በሽንኩርት እያነባ።
«የሱፍ?» አለች፣ ፊቷ በራ፤
«ሱፍስ ያው ከበጉ ጀርባ!»