የተረፈች ብሎን

«ስድስት መቶ» አለኝ አብዶሽ፣ ባጃጅ ሥር እንደተጋደመ፣
ሞተሬን ሳያያት፣ ከመንገድ ማዶ ድምጿን ሰምቶ ገመገመ።
«ቫልቭ ነው። ጠዋት አምጣት፣ ዙሁር ሳይደርስ ትወስዳታለህ፤
ደግሞ ማርሽ ስትቀይር ምን በደለችህ፣ ለምን ታስጮሃታለህ?»

ስድስት መቶ!
ከሳቢያን መጋላ፣ ከመጋላ ገንደ ቆሬ
ስንት ካርቶን ሳሙና ማለት ነው፣ ተቆጥሮ በሞተሬ!
ለሁለት ዳዶ? ለሩብ ዙር? እጅ የለኝም ወይ እኔስ፣ ለዛሬ?

እሑድ ረፋድ፣ ከግቢያችን ኒም ዛፍ ጥላ፣
አንድ ጣሳ ቤንዚን፣ የውሰት ካቻቢቴ፣ ጨርቅ ከአሮጌ ነጠላ።
ሙቀቱ የድሬ ነው፤ ብረቱን ስትነካው ይነክሳል፣
ላብ ከቅንድብ ወርዶ ብረቱ ላይ ጠብ ሲል ጭስ ይላል።

እህቴ ፈትሂያ በመስኮት፦
«ካቻቢቴ የያዘ ሁሉ መካኒክ ከሆነ እንግዲህ፣
እኔም ቢላ አለኝ፤ ና አቦ፣ ትርፍ አንጀትህን ላውጣልህ!»

የመጀመሪያዋ ብሎን ሲጢጥ ብላ ስትፈታ፣
አቤት ደስታ!
ሦስት ዓመት የነዳኋትን፣ ሆዷን አሁን ገና አየሁት፤
ዘይት የጠገበ፣ ማር የመሰለ፤
ለካ እስከዛሬ በማላውቀው ነገር ላይ ተቀምጬ ነው የበላሁት።
ስሷን መለኪያ በዳዶውና በቫልቩ ጫፍ መሃል ሰደድኩ፣
ጠበቅ፣ ላላ፣ ደግሞ ጠበቅ፤ ስስባት ትንሽ ያዝ ስታደርገኝ አቆምኩ።

ገጠምኩ። እጄን ታጠብኩ፣ በኦሞ፣ ደግሞ በአሸዋ፣
ዞር ስል ማዳበሪያው ላይ አንዲት ብሎን፤
ማንም የማይጠይቃት፣ ያለ ቦታዋ።
ትርፍ ፈልጌ ነበር፤ ይኸው ትርፍ አገኘሁ፣
በኪሴ ከትቼ፣ አላህ ያውቃል ብዬ፣ ሞተሬን አስነሳሁ።

ደቻቱ ደርቋል፤ አሸዋው ላይ ልጆች ኳስ ሊመቱ ሲሯሯጡ
ድንገት ከሆዷ ቀ… ቀ… ቀ… ፤
ኳሳቸውን ትተው ወደ እኔ አፈጠጡ።
ዘይቱ ማርሚታው ላይ ተንጠባጥቦ ጨሰ፣
ሱሪዬን አበላሸ፣ ኩራቴን አፈሰሰ።

ገፋኋት። በዚያ ፀሐይ፣ እስከ ጋራዡ በራፍ።
አብዶሽ አልሳቀም። «አስነሳት» አለ፤
የካቻቢቴውን ጫፍ ከሞተሯ፣ እጀታውን ከጆሮው ደገፍ
አድርጎ ሰማት፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ረጅም ጊዜ።
«ብሎኗን አምጣ።»
አመጣሁ።
«ቫልቩን ግን» አለ ቀስ ብሎ፣ «ማን ነው የለካልህ?»
«እኔ።» ስድብ ጠበቅኩ።
«ደህና ነው። ከእኔ ይሻላል ልክህ።»

ከዚያ የራሱን መለኪያ አውጥቶ ወደ ብርሃን ዘረጋት፣
ቅጠሏ ላይ የተጻፈውን ሊያይ ከዓይኑ አራቃት፣ አቀረባት፣
«ምን ይላል?»
«ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስምንት።»
ዝም አለ። ባጃጅ አለፈ፣ ሌላ ባጃጅ አለፈ።
«ከሁለት ዓመት ወዲህ ቁጥር አላይም፤ በጆሮዬ ነው የምሠራው፣
ዓይኔ ሄደ ብል ማን ሞተር ያመጣል? ለአንተም ዛሬ ነው የማወራው።»

ለአዲስ ብሎንና ለጓርኒሲዮን አራት መቶ ቆረጠ፤ አንድ ብር አልማረም፤
ምስጢርና ዋጋ እሱ ቤት በአንድ ኪስ አይቀመጡም።

አሁን ዘይቷን ራሴ እቀይራለሁ፣ ካንዴላዋን እጠርጋለሁ በጥርስ ብሩሽ፤
ቅዳሜ ከዐስር ሰላት በኋላ ግን ስልኬ ይጮሃል፤ አብዶሽ።
«ና አቦ፣ አንድ ሞተር አለች» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም።
ከጎኑ ቁጢጥ ብዬ ቁጥሩን አነብለታለሁ፤ ደንበኛው አይሰማም።
«ስድስት መቶ? ለሁለት ዳዶ?» ይላል ባለሞተሩ፣ እያየኝ፤
እኔ ዝም። ኪሴ ውስጥ ጥርሷ ያለቀ ብሎን፣ በጣቶቼ መሃል፣
ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ።