ሦስት ሺህ ስድስት መቶ

ሱቄ ግሽ ዓባይ ነው፣ ከጀልባ ሞተር ጠጋኙ ጎን፤
አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ የሚያቃስት ፋን።
ባንቺአየሁ መጣች፣ በባጃጅ፣ ከፔዳ፣
ኮምፒውተሯን ታቅፋ፣ እንደ ሰው ዕዳ።

«አዲስ ራም ገዛሁ፤ እየው፣ ተለጥፎበት፣
ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ነው የተጻፈበት።
ሳስነሣው ግን ሁለት ሺህ መቶ ነው የሚለኝ።
ነጋዴው ነው ወይስ ማሽኑ ያታለለኝ?»

ሥራዋ ሐይቁ ነው። ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ታነባለች፤
እምቦጭ የት እንደ ደረሰ ነጥብ በነጥብ ትቆጥራለች።
አንዱ ምስል ሳያልቅ ሌሊቱ ያልቅባታል፤
አረሙ አይተኛም። ይቀድማታል።

ክዳኑን ፈታሁ።
መጀመሪያ አቧራ። ሐይቁ ያረጠበው አቧራ ይጣበቃል፤
በላጲስ ስፈትገው የወርቅ ጥርሱ ያብረቀርቃል።
ባዮስ ውስጥ ገባሁ። ራም እንደ እንግዳ ነው፤
«ግባ» ካላሉት ከደጅ ነው የሚያድረው።
ፈቀድሁለት። ጠፋ፣ በራ፣ ጠፋ፤ እንደ ፈሪ ዋናተኛ
እግሩን ነክሮ ሸሸና በሁለት ሺህ ተኛ።

ቀዳዳውን አየሁ። አንደኛና ሦስተኛው ላይ ሰክታዋለች፤
ቦርዱ ግን ሁለተኛና አራተኛን ይወዳል። አዛወርሁ። ሣቀች፤
ስክሪኑ ላይ ቆሟላ፣ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ!
«ሒሳብህ ስንት ነው?» እኔ አላመንሁም ከቶ።
«ቆይ እስቲ» አልኋት፣ «አትክፈዪ ገና፤
መነሣትና መሥራት አንድ አይደሉምና።»

መፈተሻውን ከፍቼ አደርሁ። መብራት ባምስት ሰዓት ሄደ፤
ሲመለስ ከዜሮ። ሲጀምር ልቤም አብሮ ነጐደ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሌሊት፣ ቀይ መስመር ወጣ፤
አንድ ስሕተት። ከዚያ ሰባት። ከዚያ እንደ አንበጣ።

አንድ ስሕተት ምንድን ነው? እምቦጭ ባለበት፣ ውሃ ማለት፤
ውሃ ባለበት፣ እምቦጭ። ካርታ ላይ ያለች ውሸት።
ማንም አያያትም። ማሽኑ አይጮኽም፣ አይቆምም፤
በፍጥነት ይዋሻል፤ ፊቱ እንኳ አይጠቁርም።

ሲነጋ ጋሽ አትንኩት ደጄን አንኳኳ፣
ዓይኔ መቅላቱን አይቶ። የሆነውን ነገርሁት፣ እስኪበቃ።
እጁን ከግራሶው በጨርቅ እየጠረገ ቆየ፣
ራሟን አነሣና የተለጠፈባትን አየ።
«በኔም ሞተር ላይ ‹አርባ ፈረስ› ይላል፤
ፋብሪካው በገንዳ ውስጥ ብቻውን ፈትኖታል።
ሰው ከነጌሾው፣ ከነሎሚው፣ ከዘጌ ሲጫንበት
ከሃያ ስምንት አያልፍም፣ ማዕበል የመታው ለት።
አልዋሹም። የጻፉት የፈተኑትን ነው።
ሐይቁ ግን፣ ልጄ፣ ጽሑፉን አላነበበው።»

ነጥዬ ሞከርኋቸው። አንዱ ብቻውን ይሮጣል፤
ሌላውም ብቻውን። ሲጣመሩ ነገር ይመጣል።
ፕሮሰሰሩ ነው። አርጅቷል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤
ሁለት ልጓም ሲጨብጥ አንዱ ያመልጠዋል።
ቮልቴጅ በነጥብ ጨመርሁ፤ ሙቀቱ አብሮ ጨመረ፤
ስሕተቱ ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አልቀረ።

ወረድሁ። ሦስት ሺህ አምስት መቶ፤ ሁለት ስሕተት።
ሦስት ሺህ አራት መቶ፤ አንድ፣ ሊያልቅ ሲል፣ ድንገት።
ሦስት ሺህ ሁለት መቶ። ቀኑ ዋለ፣ ሌሊቱ አደረ፤
መብራት እንኳ አልሄደም። ዜሮው ዜሮ ነበረ።

ማክሰኞ መጣች። ቁጥሩን ስታይ ፊቷ ወደቀ፤
«አራት መቶውስ?» አለች፣ ድምጿ ደረቀ።
«ካርታሽ ውስጥ ነው» አልኋት። መልሱን የወደደችው አልመሰለኝም፤
ግማሹን ከፈለችኝ። የቀረውን አልጠየቅሁም።
ክዳኑን ከመግጠሜ በፊት ግን እስክሪብቶ አነሣሁና
ከፋብሪካው ቁጥር ሥር ጻፍሁ፣ በደቃቁ፣ ጎንበስ አልሁና፦
«ሦስት ሺህ ሁለት መቶ። በዚህ ቤት።»

ባጃጁ ሄደ። ከሐይቁ በኩል ሞተር ተነሣ፤ ሳል አለበት።
ሃያ ስምንት ይሆናል፣ ብዬ ቆጠርሁለት።