ሁለተኛዋ መስመር

ማራገቢያው ቆሟል፤ መብራት የለም ዛሬ፤
ግድግዳው ያልበዋል፤ እንዲህ ነች የእኛ ድሬ።
ስሜን አትጠይቁኝ፣ ሥራዬን ልናገር፦
ደም አነባለሁኝ፣ መስመር በመስመር።
ሁለት መስመር አይታ እልል ያለች አለች፣
ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር ያኖረች።

ረምላ ከቀፊራ፣ የሎሚ ነጋዴ፣
«ውርጃ ነው» ተብላ ተመልሳ አንዴ፣
«ሰውነትሽ ደክሟል፣ እረፊ» ተብላ፣
የደም ማነስ ክኒን በፌስታል ጠቅልላ፣
መጣች፣ ሰኔ ላይ።
ደሟ አልቆመም።

ደቻቱ አሸዋ ነው፤ ልጅ ኳስ ይመታበታል።
ደጋው ላይ ይዘንባል፣ እዚህ ሰማይ ጠርቶ፣
ሌሊት ድንገት ይደርሳል ድልድዩን አናግቶ።
እንደዚያ መጣባት።

ጥር ላይ ሆዷ ገፍቶ ስም አውጥታ ነበር፤
እጅ የለ፣ እግር የለ፣ ልብ የለ ሲመረመር፤
የወይን ዘለላ ነው፣ ውሃ የቋጠረ፣
የልጅን ቤት ይዞ ልጅ ሳይሆን የኖረ።
ጠርገው አወጡላት፤ ሄደ ያሉት ቀረ፤
ቀረና ተሰደደ፣ እስከ ሳንባዋ ድረስ።

ስታስል መሐረቧ ቀላ።
አክታዋን ላኩልኝ፤ ቲቢ አላገኘሁም።
ዶክተር ምንትዋብ በሩን ከፍታ ገባች፣
«ሽንቷን ለእርግዝና መርምሪልኝ» አለች።
ለምታስል ሴትዮ? ሳቄን ዋጥኩት።
ሁለት መስመር ወጣ፣ እንደ ባቡር ሐዲድ፣
ልጅ የማያመጣ፣ ልጅ የማይወስድ።

«ነቀርሳ ነው፣ ረምላ፤ ከእንግዴ ልጅ የሚነሣ፤
ብርቅ ነው። ግን ይድናል።»
«ብርቅ ነገር» አለች፣ «አንድ ቀን እኔንም ደረሰኝ!»

መድኃኒቱ ቢጫ፣ ልክ እንደ ሎሚዋ።
አፏ ቆስሎ ከረመ፤ ሎሚ ሻጯ ሎሚ አትቀምስም።
በየሰኞው መጣች፣ ባጃጅ ስታጣ በእግሯ፤
ሁለተኛዋ መስመር በየሰኞው ሳሳች፤
ሐምሌ ላይ ክር ነበረች፣ ነሐሴ ላይ ጥላ፣
መስከረም ላይ «ዓይኔ ነው?» እስክል ተከልላ።

ጥቅምት። አንድ መስመር፣ ብቻዋን።
«ባዶ ነኝ?» አለችኝ። «ባዶ ነሽ» አልኳት።
እልል አለች፤ ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ አያት፤
«ገና ዓመት ሙሉ በየወሩ ትመጫለሽ» ማለቴን አልሰማችም።
ከኋላዋ፣ ሰባት ዓመት የጠበቀች ሌላ ሴት
ያንኑ አንድ መስመር ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች።
ሁለት ሎሚ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርተዋል።
እኔ ለሁለቱም አነባለሁ።