ጠባብ ዓምድ

የኢርምትራውት ፖስታ ሁለት ጊዜ ይኖራል፤
ፊቱ ከተነበበ ጀርባው ሒሳብ ይሠራል፦
ድንች፣ ሳሙና፣ የአውቶቡስ ሳንቲም።
ከባንክም ከእኅቷም አንዴ አልተበደረችም።
በክረምት ማሞቂያው አሥራ ስድስት ላይ ቆሞ፣
ሹራብ ትደርባለች፣ በሹራብ ላይ ደግሞ።

በአገሯ ቋንቋ አንድ ቃል ነው ዕዳና ጥፋት፤
አባቷ፣ ሽቫቤናዊው ሰዓት ሠሪ፣ ሲመክራት፣
«ያልተበደረ ሰው» ይል ነበር «አንገቱን
ቀና አድርጎ ያልፋል ጎረቤቱን።»

ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቅ ማቅለሚያው ፋብሪካ
መዝገብ ይዛ ኖረች፣ ሳንቲም ስትለካ።
ዘንድሮ አዲሱ አለቃ፣ ፋልክ የሚሉት፣
ዘገባ አሳተመ፣ ዘጠና ገጽ «ዘላቂነት»።
ሽፋኑ ላይ ቅጠል፣ ቅጠሉ ላይ ጤዛ፤
ለጣሪያው የፀሐይ ሰሌዳ በብድር ተገዛ።
«በብድር!» አለች፣ ነቀነቀች ራሷን፤
ግን ይዛው ገባች፣ የኋላ ሽፋኑ እንዲችል ሒሳቧን።

ወረቀቱ ያብለጨልጫል፣ እርሳስ አልያዘም፤
«ድንች» ብላ ጻፈች፣ ድንቹ አልታየም።

ገለጠችው።
ገጽ አርባ ሁለት ላይ ወንዙ አለ በፎቶ፣
እንደ ብርጭቆ ጠርቶ።
እሷ የምታውቀው ማክሰኞ ሰማያዊ ነበር፣
ሐሙስ ቀይ፤ እንደ ደንበኛው ትእዛዝ፣ እንደ ሸሚዙ ድር።

ለወንዙም በመዝገቧ ነበረችው ጠባብ ዓምድ፤
በየዓመቱ መዝጊያ ዜሮ ጽፋበታለች፤ ዜሮ ሠላሳ አንድ፣
በገዛ እጇ፣ ክብ፣ ንጹሕ፣ ያለ ስርዝ ድልዝ።
እኛ ዕዳ ከሜዳ እንላለን፤ የእሷ መጣ ከወንዝ።

ማሞቂያው አሥራ ስድስት ላይ ነው።
እርሳሷን ቀረጸች፤
ፖስታ ፈለገች።